መንታ ያረገዘች እናት አመጋገቧንና ክብደቷን የምትከታተልበት መመሪያ

የተረገዙት ልጆች መንታ መሆናቸው በአልትራሳውንድ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ አንዲት እናት ከቤተሰብና ከጎረቤት የምትሰማው የአመጋገብ ምክር አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ ወገን «ከእንግዲህ የምትበዪው ለሦስት ነው» እያለ ሳህኗን ይከምርባታል፤ ሌላው ደግሞ «ልጆቹ ይተልቁና ምጥ ይጸናብሻል» በማለት ከወተት፣ ከሙዝና ከቅባት ያርቃታል። ሁለቱም ምክሮች ከቅን ልብ የሚመነጩ ቢሆኑም ሁለተኛው መንታ ላረገዘች እናት ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም በመንታ እርግዝና ዘወትር የሚያሰጋው የልጆቹ መግዘፍ ሳይሆን ቀናቸው ሳይሞላና ክብደታቸው ሳይደርስ መወለዳቸው ነው።

የአንድ ልጅ እርግዝና እስከ 40 ሳምንት ይዘልቃል። ከመንታዎች ግን ከግማሽ የሚበልጡት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ፤ ያለ ችግር የቀጠለ የመንታ እርግዝና እንኳ በ37ኛውና በ38ኛው ሳምንት ገደማ በሐኪም ውሳኔ እንዲያበቃ ይደረጋል፤ ሁለቱ ልጆች አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ሊቀድም ይችላል። እናቲቱ ሁለት ልጆችን በማኅፀኗ የምታሳድግበት ጊዜ ሌላዋ እናት አንድ ልጅ ከምታሳድግበት ጊዜ ያጠረ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ከሰባተኛው ወር ወዲህ ማኅፀኑ ጨጓራን ስለሚያጣብብ እንደ ልብ መብላት ያስቸግራል። ስለዚህ ክብደት የመጨመሩ ሥራ ለመጨረሻዎቹ ወራት የሚተው አይደለም፤ በተለይ ከአራተኛው ወር እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ፣ የምግብ ፍላጎት ተመልሶ ሆድ ገና ቦታ ባለው ወቅት፣ መሠረቱ መጣል አለበት።

ደረጃ 1፦ መነሻ ክብደትዎን ይወቁ

ምን ያህል ኪሎ መጨመር እንዳለብዎ የሚወሰነው ከማርገዝዎ በፊት በነበረዎት ክብደትና በቁመትዎ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቁመትዎን በሜትር ወስደው በራሱ ያባዙታል፣ ከዚያም ክብደትዎን በኪሎ ግራም ወስደው ለተገኘው ቁጥር ያካፍሉታል። ለምሳሌ ቁመቷ 1.58 ሜትር፣ ክብደቷ 50 ኪሎ የነበረ ሴት 1.58 በ1.58 ስታባዛ 2.5 ያህል ታገኛለች፤ 50 ለ2.5 ሲካፈል 20 ይሆናል። ይህ በሐኪሞች ዘንድ ቢኤምአይ የሚባለው ልኬት ነው። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው መደበኛ፣ ከ25 እስከ 29.9 ያለው ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ያለው ከልክ በላይ ውፍረት ተብሎ ይመደባል።

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ መንታ ላረገዙ እናቶች እስካሁን በሰፊው የሚሠራበት ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት መነሻ ክብደቷ መደበኛ የነበረ እናት በእርግዝናው በሙሉ ከ17 እስከ 25 ኪሎ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራት ከ14 እስከ 23 ኪሎ፣ ከልክ በላይ ውፍረት የነበራት ደግሞ ከ11 እስከ 19 ኪሎ እንድትጨምር ይመከራል። አንድ ልጅ ላረገዘችና መነሻ ክብደቷ መደበኛ ለሆነ እናት የሚመከረው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። በምሳሌ የጠቀስናት የ50 ኪሎዋ ሴት ልጆቿ ቀናቸው ደርሶ ቢወለዱ ክብደቷ ከ67 እስከ 75 ኪሎ ሊደርስ ይገባል ማለት ነው። ብዙ እናቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ሰፊው ድርሻ ሁለቱ ልጆች፣ የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውኃው፣ የሰፋው ማኅፀን እና አንድ ልጅ ካረገዘች እናት ይልቅ የበዛው ደም ነው፤ የቀረውም ለጡት ማጥባት የሚቀመጥ ስንቅ ነው።

ከማርገዟ በፊት ቢኤምአይዋ ከ18.5 በታች ለነበረ ቀጭን ሴት በዚያ መመሪያ ቁጥር አልተቀመጠም፤ መንታ ያረገዙ ቀጭን ሴቶችን የሚመለከተው መረጃ በቂ ሆኖ አልተገኘምና። እንዲህ ያለች እናት ቢያንስ የመደበኛውን ታችኛ ወሰን፣ ማለትም 17 ኪሎን፣ ማለፍ እንዳለባት ማሰብና ከሌሎች ቀድማ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባታል። በአገራችን በዚህ ክፍል የሚገኙ ሴቶች ጥቂት ስላልሆኑ ነገሩ እንደ ልዩ አጋጣሚ የሚታይ አይደለም።

ከእርግዝና በፊት የነበረውን ክብደት የማያውቁ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ባለማለፍ ወደ ጤና ተቋም ሄደው የሚመዘኑት ክብደት እንደ መነሻ ሊያገለግል ይችላል። ያም ካመለጠ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የላይኛውን ክንድዎን ዙሪያ በመለኪያው ትለካልዎታለች፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት ምልክት ስለሆነ ተጨማሪ ድጋፍ እንደሚያስፈልግዎ ያሳያል።

ደረጃ 2፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘኑ፣ ይጻፉም

በየቀኑ መመዘን ያስጨንቃል እንጂ አይጠቅምም። በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ይምረጡና ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው ይመዘኑ፤ ቀኑንና ኪሎውንም በደብተር ይመዝግቡ። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ በአቅራቢያ ባለ ጤና ኬላ፣ መድኃኒት ቤት ወይም መንገድ ዳር በሚያስመዝኑ ልጆች ዘንድ መመዘን ይቻላል፤ ሆኖም ሚዛኖች እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ ሁልጊዜ ያው ሚዛን መሆን አለበት። ደብተሩን ለክትትል በሄዱ ቁጥር ይዘውት ይሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ መጨመር በቂ ነው። ከ13ኛው ሳምንት በኋላ መነሻ ክብደቷ መደበኛ የነበረ እናት በየሳምንቱ ከ600 እስከ 900 ግራም ያህል ብትጨምር ወደሚፈለገው ትደርሳለች፤ ከልክ በላይ ውፍረት ለነበራት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። አንድ ሳምንት ቢያንስና በቀጣዩ ቢካካስ የሚያሳስብ ነገር የለም። በአራተኛው ወርና ከዚያ በኋላ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ምንም ካልጨመሩ ግን እስከ ቀጠሮዎ አይጠብቁ፤ ምክንያቱም በዚህ ወቅት የጎደለውን በስምንተኛው ወር ለማካካስ መሞከር እምብዛም አይሳካም።

መንታ ባረገዘች እናት ደም ውስጥ የእርግዝና ሆርሞን ስለሚበዛ ማቅለሽለሹና ማስመለሱ ብዙ ጊዜ ይጠናል። በዚህ ጊዜ ስለ ኪሎ ከመጨነቅ ይልቅ የሚረጋ ነገር መፈለግ ይሻላል። ከአልጋ ከመነሣትዎ በፊት ጥቂት ደረቅ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ድርቆሽ ይቅመሱ፤ ምግብና ፈሳሽን በአንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ በግማሽ ሰዓት ልዩነት ይውሰዱ፤ በርበሬና የበዛ ቅባት ለጊዜው ይቀንሱ፤ የወጥ ሽታ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ሌላ ሰው እንዲሠራ ያድርጉና እርስዎ ቀዝቀዝ ያለውን ይብሉ። የዝንጅብል ሻይ ለብዙዎች ይረዳል። ለአንድ ሙሉ ቀን የበሉትም የጠጡትም የማይረጋ ከሆነ፣ ሽንትዎ ካነሰና ከጠቆረ፣ ወይም ከመነሻ ክብደትዎ ከ20 እጅ አንዱን ካጡ፣ ለምሳሌ ከ50 ኪሎ 2.5 ኪሎ ከቀነሱ፣ በደም ሥር ፈሳሽ ሊያስፈልግዎ ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ሳህኑን ሳይሆን የመመገቢያውን ጊዜ ያብዙ

ለአንድ ልጅ በቀን 300 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ስለሚታሰብ ለመንታ 600 ካሎሪ ገደማ ከቀድሞው ምግብ ላይ መጨመር የተለመደ ስሌት ነው። ይህ ለሦስት ሰው መብላት አይደለም፤ እንዲያውም ከአንድ ተጨማሪ ማዕድ ብዙም አይበልጥም። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 150 ካሎሪ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 150 ካሎሪ፣ ግማሽ አቮካዶ 160 ካሎሪ፣ አንድ ጭብጥ ለውዝ 170 ካሎሪ ያህል ይሰጣሉ፤ ሲደመሩ 630 ካሎሪ ናቸው፤ ለልጆቹ ሥጋና ጡንቻ የሚያስፈልገውንም ፕሮቲን ወደ 30 ግራም አብረው ያመጣሉ። ወተቱ በእርጎ ወይም በአይብ፣ ለውዙ በሱፍ ወይም በሰሊጥ፣ አቮካዶው በሙዝና በአንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ሊተካ ይችላል። እንቁላልና ወተት በየቀኑ መግዛት ለማይቻልበት ቤት ደግሞ ከሽንብራ፣ ከባቄላና ከስንዴ የተቆላ ቆሎ ለውዝ ወይም ሱፍ ተጨምሮበት፣ እንዲሁም ሽሮው ወፈር ብሎ ከተለመደው አንድ ጭልፋ ሲታከልበት፣ ብዙ መንገድ ይወስዳል።

ይህን ተጨማሪ ምግብ በምሳና በእራት ላይ ከመከመር ይልቅ በቀን ስድስት ጊዜ ከፋፍሎ መመገብ ይሻላል። ጠዋት በወተት የተሠራ የአጃ ወይም የገብስ ገንፎ አለዚያም ቅንጬ ከእንቁላል ጋር፤ ረፋድ ላይ ሙዝና ለውዝ፤ ምሳ ምሥር ወጥ ወይም ሽሮ ከጎመን ጋር በእንጀራ፣ ከተቻለም ጥቂት በደንብ የበሰለ ሥጋ ወይም ዓሣ፤ ከሰዓት በኋላ በወተት ወይም በእርጎ የተበጠበጠ በሶ፤ እራት ከሌላው ቤተሰብ ቀደም ብሎ፤ ከመኝታ በፊት ደግሞ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ወይም አጥሚት። የመኝታ ሰዓቷ ወተት እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለባትም፤ መንታ ያረገዘች እናት አካል በምግብ እጦት ጊዜ ከሌሎች ፈጥኖ የራሱን ክምችት ማንደድ ስለሚጀምር ከእራት እስከ ቁርስ ያለውን ረጅም ሌሊት ማሳጠር ያስፈልጋል።

ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላና ብስኩት ኪሎ ይጨምሩ እንደሆን እንጂ ለልጆቹ የሚሰጡት ነገር ጥቂት ነው፤ መንታ እርግዝና ለእርግዝና ስኳር በሽታ የሚያጋልጥ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የስኳር ምርመራው በአብዛኛው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ ካልተነገረዎት እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ደምዎን ይጠብቁ

በመንታ እርግዝና ላይ በብዛት የሚታየው የጎደለ ነገር አይረን ነው፤ ሁለት ልጆች ከአንዲት እናት ደም ይካፈላሉና። በወሊድ ጊዜም የደም መፍሰስ አደጋው ከፍ ስለሚል በደም ማነስ ላይ ሆኖ መውለድ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። በጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ሲሆን በየቀኑ መወሰድ አለበት። ደምዎ ተመርምሮ ካነሰ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል። ክኒኑ ሆድ ስለሚያደርቅና ስለሚያቅለሸልሽ ብዙ እናቶች በዝምታ ያቋርጡታል፤ ከማቋረጥ ይልቅ ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ፓፓያና አትክልት መጨመር ይረዳል፤ አሁንም ካልተስማማዎ ለባለሙያው ይንገሩት፣ ሌላ ዓይነት አለና። ሰገራ መጥቆሩ የመድኃኒቱ ጠባይ ስለሆነ አያስደንግጥዎት።

ጤፍ አይረን እንዳለው ሁሉም ይናገራል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው አይረን እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሊጡ በደንብ ቦክቶ የተጋገረ እንጀራ ካልቦካው ይሻላል፤ ባቄላና ሽንብራም ተዘፍዝፈው በቆልት ከሆኑ በኋላ ቢቀቀሉ አይረናቸው ይበልጥ ይጠቅማል። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ መብላት የአይረኑን መግባት ያፋጥናል፤ ቃሪያውና ቲማቲሙ ግን በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠቡ።

ስለ ቡና ጠበቅ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ምሳ ተበልቶ ማዕዱ ሳይነሣ ቡና ማፍላት በአገራችን የተወደደ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቡናም ሆነ ሻይ በምግብ ላይ ሲጠጡ የአይረንን መግባት በእጅጉ ያግዳሉ። በሽሮና በምሥር የምትኖር እናት ከምግቡ ላገኘችው ጥቂት አይረን ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ሥርዓቱን መተው አያስፈልግም፤ ቡናው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ፣ በቀንም ከሁለት ትናንሽ ስኒዎች አይለፍ። አቦሉን ጠጥተው በቶናውና በበረካው ጊዜ ቁርሱን ብቻ እየቀመሱ መጫወት ይቻላል። ጤና አዳም ግን በቡናውም ሆነ በአይቡ ላይ በእርግዝና ወቅት መቅረት አለበት፤ ማኅፀንን የማኮማተር ጠባይ ያለው ተክል ነውና።

አፈር፣ የግድግዳ ጭቃ ወይም ከሰል የመብላት አምሮት ከመጣብዎ አይፈሩበት፣ አይደብቁትም፤ ብዙውን ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ስለሆነ ለባለሙያ ሲነገር መፍትሔ ያገኛል። አፈሩ ራሱ ግን የሆድ ትላትል ያስገባል፣ ያለውንም አይረን ያግዳል።

የአጥንት ማጠንከሪያው ካልሲየም በወተት ተዋጽኦ፣ በሰሊጥና በጎመን ይገኛል። የአበሻ ጎመን ከቆስጣ የተሻለ ነው፤ በቆስጣ ውስጥ ያለው ካልሲየም በአብዛኛው ታስሮ ስለሚወጣ ሰውነት አይጠቀምበትም። ወተት በማይገኝበት ቤት የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም በክኒን እንዲሰጥ ይመክራል፤ ይህም የእርግዝና ደም ግፊትን ለመከላከል ይረዳል። የካልሲየሙን ክኒን ከአይረኑ ጋር በአንድ ሰዓት አይውሰዱ፤ አንዱ ሌላውን ያግዳል። መንታ ማርገዝ በራሱ ለደም ግፊት ስለሚያጋልጥ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ አስፕሪን ያስፈልግዎ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አይጀምሩት። ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን አይተው ይግዙ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይሻላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ወይም በዐረብ አገር ከቤት ሳይወጡ የሚውሉ እናቶች ደግሞ ፀሐይ ስለማያገኙ ስለ ቫይታሚን ዲ መጠየቅ አለባቸው።

ደረጃ 5፦ የጾምን ነገር ቀድመው ይነጋገሩበት

በጾም ጉዳይ ሁለት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው። አንደኛው ከምን እንጾማለን የሚለው ሲሆን ሁለተኛው እስከ ስንት ሰዓት ሳንበላ እንቆያለን የሚለው ነው። መንታ ላረገዘች እናት ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። ሥጋና ወተት ሳይኖር በጥራጥሬ፣ በለውዝ፣ በሰሊጥና በአትክልት ለተወሰኑ ቀናት በደንብ መመገብ ይቻላል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ግን በምንም ምግብ አይካካስም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ይህም ከመንታ እርግዝና ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱን ይይዛል፤ በአራተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ከወደቀ ደግሞ ዋናውን የክብደት መጨመሪያ ወቅት ይወስደዋል።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የነፍሰ ጡርና የታመመ ሰው ጉዳይ በነፍስ አባት በኩል የሚታይ ስለሆነ መንታ ማርገዝዎን፣ ሐኪሙም ምን እንዳለ ለነፍስ አባትዎ በግልጽ ይንገሯቸው። ብዙ እናቶች ሳይጠይቁ በራሳቸው ፈርደው ይጾማሉ፤ ጥያቄው ጾሙ ሳይገባ ቢቀርብ ለሁሉም ይቀላል። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጆቿ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ረመዳንን እንድታፈጥርና በሌላ ጊዜ እንድታካክስ ተፈቅዷል። ከነፍስ አባትዋ ጋር ተመካክራ በጾም ምግብ የምትቀጥል እናት ቁርሷን በሰዓቱ እየበላች በየማዕዱ ጥራጥሬ እንዳይጠፋ ታድርግ፤ ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ አዚፋና የባቄላ በቆልት እየተቀያየሩ ይቅረቡ። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ በምግብ ስለማይገኝ በክኒን መውሰድ ያስፈልጋት እንደሆነ ትጠይቅ።

ደረጃ 6፦ የሚቀሩትን ያስቀሩ

ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ለብለብ ዱለት እስኪወልዱ ድረስ ይቅሩ፤ ከኮሶ ትል ባሻገር ለጽንስ አደገኛ የሆኑ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይገኙባቸዋል። ጉበት በደንብ ቢበስልም ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይዘውተር። ያልፈላ ወተት አይጠጡ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ጥቂቱም ቢሆን አይመከርም፤ ለበዓል ቤተ ዘመድ ሲለምን እምቢ ማለት የሚከብድ ከሆነ ባልዎ ስለ እርስዎ ይናገሩ። ኮሶና እንቆቆን የመሳሰሉ የባህል መድኃኒቶች ማኅፀን ላይ ጉዳት ያመጣሉ፤ የትላትል መድኃኒት ካስፈለገ ከሦስተኛው ወር በኋላ በባለሙያ ትእዛዝ ይወሰዳል። አብሽ በወጥ ቅመም መጠን ክፉ አይደለም፤ ለማወፈር ተብሎ በብርጭቆ እየተበጠበጠ መጠጣቱ ግን በእርግዝና ጊዜ ይቅር።

ደረጃ 7፦ ቤተሰቡን የሥራው ተካፋይ ያድርጉ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በብዙ ቤት ግን እናት ሁሉን አብልታ በመጨረሻ የተረፈውን የምትበላ ናት። ከእንቁላሉ ለልጆች፣ ከሥጋው ለአባወራው ይቀድምና ለእርሷ መረቁ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ክፍል ባል፣ እናትና አማት ቢያነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉትም ቢነበብላቸው እወዳለሁ። የነፍሰ ጡሯ ድርሻ ከድስቱ መጀመሪያ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከገበያ ሲመለሱ የእርሷ እንቁላልና ወተት ተለይቶ ይያዝ፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከምና እንጀራ መጋገር ለሌላ ሰው ይተላለፍ፤ የምትበላው ምግብ ወደ ልጆቹ የሚሄደው ሰውነቷ በሥራ ካላቃጠለው ነው። ከሰባተኛው ወር በኋላ ሆዷ ተጣቦ ቶሎ ቶሎ ትጠግባለች፣ ቃርም ያስቸግራታል፤ «አንድ ጉርሻ ብቻ» እያሉ ከማስጨነቅ ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይጠቅማታል። ከበላች በኋላም ወዲያው አትተኛ፤ ስትተኛ ደግሞ ራሷን ከፍ አድርጋ በጎኗ ትተኛ።

ከሁለቱ ልጆች አንዱ እንዳነሰ በአልትራሳውንድ ቢታወቅ ቤተሰቡ «ስላልበላች ነው» ብሎ እንዳይወቅሳት አደራ እላለሁ። እናቲቱ የበላችው በደሟ በኩል ለሁለቱም ይቀርባል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከእንግዴ ልጁ አቀማመጥና አሠራር ነው፤ አንድ የእንግዴ ልጅ በሚጋሩ መንታዎች ዘንድ ደግሞ ደም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዳላ ይችላል። ይህን በምግብ ማስተካከል አይቻልም፤ ሐኪም ነው የሚከታተለው። የእንግዴ ልጁ አንድ ይሁን ሁለት በደንብ የሚለየው ከ14ኛው ሳምንት በፊት በሚደረግ አልትራሳውንድ ስለሆነ ቀድሞ መታየት የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ ኪሎው በድንገት ሲጨምር ወደ ሐኪም ይሂዱ

ክብደት በዝግታ ሲጨምር መልካም ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ዘሎ ፊትና እጅ ሲያብጥ ግን የእርግዝና ደም ግፊት መሆኑ ስለሚያሰጋ ምግብ እንደ ተስማማ ተቆጥሮ መታለፍ የለበትም። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ የላይኛው ሆድ ሕመም ከታከለበት በዚያው ሰዓት መሄድ ያስፈልጋል። ሆድ በድንገት ተነፍቶ መጥበቅ፣ ደም ወይም ውኃ መፍሰስ፣ የልጆቹ እንቅስቃሴ መቀነስና 37 ሳምንት ሳይሞላ የሚመላለስ ቁርጠት እንዲሁ ቀጠሮ አይጠብቁም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ልጅ ላረገዘች እናት እንኳ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል እንድታደርግ ይመክራል፤ የመንታ እናት ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። የሚወልዱበትም ቦታ ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት የሚቻልበት ሆስፒታል ሊሆን ይገባል። ቤትዎ ከሆስፒታል የሚርቅ ከሆነ ስለ እናቶች ማቆያ ከስድስተኛው ወር ጀምረው ይጠይቁና ቀኑ ሳይደርስ ቀደም ብለው ይግቡ፤ ማቆያው የሚያቀርበው ምግብ ለመንታ እናት ላይበቃ ስለሚችል በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝና የአጥሚት እህል ይዘው ይሂዱ። ከወሊድ በኋላም ሁለቱን ጡት ማጥባት ለእያንዳንዱ ልጅ 500 ካሎሪ ያህል ስለሚጠይቅ ይህ የስንቅ ከረጢት በአራስ ቤትም ሳይጎድል ይቆይ።